«አልነበረም» እና «አልተቀመጠም» አንድ አይደሉም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ኮሜንት የምትጽፉ ግን መጀመሪያ እስከ ታች አንብቡ። ያስተማርኳችሁ ልጆች ሕጌን ታውቃላችሁ፤ ጥያቄውን ሳያነብ መልስ የሚጽፍ ማርክ አያገኝም። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሰሞኑን እዚህ ገጽ ላይ አንድ የድሮ ፎቶ ሼር አድርጌ ነበር። ኬፕ ታውን ውስጥ፣ ዲስትሪክት ሲክስ በሚባል ሰፈር ይኖሩ የነበሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የተነሱት ፎቶ ነው። ከሥሩ የዘነበውን አይታችኋል። ስድቡን ተዉት፣ ለምጄዋለሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ግን፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ አንተ የታሪክ አስተማሪ ሆነህ እንዴት ይሄን ታምናለህ? ይሄ ነገር እኮ አፍሪካ ውስጥ አልነበረም። ነጮች ያመጡት ነው።» ሌላው ደግሞ «በዲፕሎማህ አርፈህ አስተምር» አለኝ። ለሁለተኛው ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ እያስተማርኩ ነው። ለመጀመሪያው ግን ይሄን ሁሉ ጻፍኩ፣ ምክንያቱም «አልነበረም» የሚለው ቃል የሙያዬ ጉዳይ ነው።

«አልነበረም» ትልቅ ቃል ነው። ለማለት ቀላል፣ ለማረጋገጥ ግን ከባድ። አንድ ነገር ከታሪክ ውስጥ ሲጠፋብን ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንድ፣ በእርግጥ አልነበረም። ሁለት፣ ነበረ ግን የጻፈው የለም። ሦስት፣ ነበረ፣ ተጻፈም፣ ግን አንድ ሰው አቃጠለው። እኛ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳናጣራ ዘለን አንደኛው ላይ እንቀመጣለን። ለምን? ስለሚመቸን።

ከራሳችን ልነሳ። ታሪከ ነገሥቶቻችን ስለ ንጉሡ ዘመቻ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ግብሩ ይተርኩልናል። ሸክላ ሠሪዋን በስሟ የሚጠራ ስንት ገጽ አንብባችኋል? ታዲያ ሸክላ ሠሪዋ አልነበረችም? ለዚያ ሁሉ ሠራዊት እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ ማን ሠራው? ነበረች። የጎደለው እሷ ሳትሆን ስለ እሷ ብራና የሚያወጣ ሰው ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሉም ልጅ ራሱን ይነቀንቃል። ያንኑ ሎጂክ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ስደግመው ነው ጩኸት የሚነሳው።

(«ግብረ ሰዶም» የሚለውን ቃል ያልተጠቀምኩት ረስቼው አይደለም። እሱ የክስ ቃል ነው። እኔ የማወራው ከክሱ ውጪ ስለነበረው ሕይወት ነው።)

እሺ፣ ወደ ማስረጃ። ደቡብ አፍሪካን የመረጥኩት አህጉራችን ስለሆነች፣ ደግሞም ሰነዶቹን ሰብስባ ለሰው የከፈተች አገር ስለሆነች ነው።

ሮበን ደሴትን በማንዴላ ታውቋታላችሁ። በ1735፣ ማንዴላ ከመታሰሩ ከ200 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ እዚያች ደሴት ላይ ሁለት እስረኞች ነበሩ። አንዱ ክላስ ብላንክ የሚባል የኮይ ተወላጅ፣ ሌላው ሪክሃርት ያኮብስ የሚባል የሆላንድ መርከበኛ። ሁለት ወንዶች ሆናችሁ ግንኙነት ፈጽማችኋል ተብለው ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው፣ ባሕር ውስጥ ተጥለው እንዲሰጥሙ ተደረጉ። ስማቸውን እንዴት አወቅን? የፍርድ ቤት መዝገብ ስላለ። በቃ። ስለተገደሉ ነው የምናውቃቸው። ባይያዙ ኖሮ ዛሬ «አልነበሩም» ነበር የምንለው። ክላስ በልጅነቱ ምን ይጫወት ነበር? ሁለቱ በየትኛው ቋንቋ ነበር የሚግባቡት? በምን ይሳሳቁ ነበር? መዝገቡ አይነግረንም። የክስ መዝገብ የሚያውቀው ዳኛው የጠየቀውን ብቻ ነው።

«ነጮች ያመጡት ነው» ላልከኝ ልጅ፦ ከሆላንድ በመርከብ ተጭኖ መምጣቱ በሰነድ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ፤ ሕጉ። ሁለቱን ሰዎች ያሰጠመው የሮማን ደች ሕግ ነው። ከዚያው ሕግ የወረደው ክልከላ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1998 እስኪሽረው ድረስ ቆይቷል። ከውጭ የመጣውን የምንቆጥር ከሆነ እሱንም እንቁጠር እንጂ።

ሁለተኛ ማስረጃ። ጥር 1966፣ ጆሃንስበርግ፣ ፎረስት ታውን የሚባል ሰፈር። ፖሊስ አንድ ቤት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች የተሰበሰቡበት ድግስ ላይ ደረሰ። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ሄደ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በ1969 አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ ወንዶች «ድግስ» ላይ የሚፈጽሙትን ስሜት ቀስቃሽ ድርጊት ወንጀል አደረገ። ድግስ ማለት ደግሞ ከሁለት ሰው በላይ ያለበት ሁሉ ነው። ሦስት ሰው ከሆናችሁ ድግስ ናችሁ! እዚህ ላይ መሳቅ ይቻላል። ግን አስቡት፤ ስለዚያች ምሽት በመንግሥት መዝገብ የተቀመጠው ፖሊስ አየሁ ያለው ነው። የተደሰቱት ሰዎች ምን እንዳዩ፣ የትኛው ሙዚቃ ሲከፈት እንደተነሱ፣ ማን ማንን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተዋወቀ የፖሊስ ሪፖርት ውስጥ አትፈልጉት።

መንግሥት መዝገብ ያስቀምጣል። የሚያስቀምጠው ግን የሚፈራውን፣ ግብር የሚያስከፍለውንና የሚያስረውን ነው። ስለዚህ «የመንግሥት ቤተ መዛግብት እያለ የማኅበረሰብ ቤተ መዛግብት ለምን ያስፈልጋል?» ለሚሉኝ መልሴ ይሄ ነው። ከሳሽ ያስቀመጠው ፋይል ብቻ የቀረለት ሕዝብ፣ ከሞተ በኋላም ተከሳሽ ሆኖ ይኖራል።

አሁን ወደ ፎቶው። ከፎረስት ታውን ወረራ ከአንድ ወር በኋላ፣ የካቲት 1966፣ የአፓርታይድ መንግሥት ዲስትሪክት ሲክስን የነጮች ሰፈር ብሎ አወጀ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተነሳ፣ ቤቶቹ በዶዘር ፈረሱ። በዚያ ሰፈር ኪውፒ የምትባል ፀጉር ሠሪ ነበረች። በ1941 ወንድ ልጅ ተብላ የተወለደች፣ ጓደኞቿ «እሷ» የሚሏት። ኪውፒ ፎቶ ትወድ ነበር። ሳሎኗን፣ ጓደኞቿን፣ የዳንስ ምሽቱን፣ ጋውን ለብሰው በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ሲቆሙ፣ ሁሉንም አስነስታ አስቀመጠች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች። ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰው ተበተነ፣ ፎቶዎቹ ግን ከእሷ ጋር ቆዩ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ እነዚህ ፎቶዎች ጆሃንስበርግ ባለው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ቤተ መዛግብት ገቡ። ቤተ መዛግብቱ በ1997 የተቋቋመ ነው፣ መቀመጫው ዊትስ ዩኒቨርሲቲ። ኪውፒ ራሷ በሕይወት እያለች ታሪኳን በ2000 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ተናገረች። በ2012 አረፈች። በ2018 ፎቶዎቹ በዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም አማካይነት እዚያው ኬፕ ታውን ለሕዝብ ታዩ። ልብ በሉ፤ ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ሙዚየሙ ከ1994 ጀምሮ የተፈናቃዩን ሕዝብ ትዝታ የሚሰበስብ ነው። ወለሉ ላይ የሰፈሩ ካርታ አለ፣ የድሮ ነዋሪዎች መጥተው ቤታቸው የነበረበትን ይጽፉበታል። እንግዲህ የኪውፒ ታሪክ የዚያ ሰፈር ታሪክ ሆኖ ገባ። የጎረቤት ታሪክ እንጂ የእንግዳ ታሪክ አልሆነም።

የአካባቢ ታሪክ የምለው ይሄን ነው። «የዓለም የኤልጂቢቲ ታሪክ» ሲባል ሁሉም ነገር ኒው ዮርክ የተጀመረ ይመስላል። ያኔ ነው «ከውጭ የመጣ» የሚለው ክርክር ጉልበት የሚያገኘው። ኪውፒ ግን ኒው ዮርክን አልጠበቀችም። የሷ ጉዳይ የጎረቤቶቿ ፀጉር፣ የሰፈሩ ዳንስ፣ የራሷ መንገድ ነበር። የሰፈሩን ታሪክ ሰፈርተኛው ካላስቀመጠው፣ የሰፈሩ ሰው ራሱ በሰፈሩ ውስጥ ባዕድ ይደረጋል።

አንድ ሰው ልጨምር፤ ሳይመን ንኮሊ። ፀረ አፓርታይድ ታጋይ ነው። በ1984 ታሰረ፣ ከጓዶቹ ጋር በዴልማስ የአገር ክህደት ችሎት ቀረበ፣ በ1988 በነፃ ተለቀቀ። እስር ቤት ሳለ ለትግል ጓዶቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ነገራቸው። በሞት ሊያስቀጣ በሚችል ክስ ተከሶ እየቀረበ ማለት ነው። ጓዶቹ ተከራከሩ፣ ተጨቃጨቁ፣ በመጨረሻም አብረውት ቆሙ። ከእስር ቤት ለፍቅረኛው የጻፋቸው ደብዳቤዎች እዚያው ቤተ መዛግብት አሉ፣ ታትመውም ወጥተዋል። አስቡት፤ ያው ሰው፣ ያው ዓመት፣ ሁለት ዓይነት ወረቀት። በአቃቤ ሕግ ፋይል ውስጥ «ከሃዲ» ነው። በደብዳቤው ውስጥ የሚናፍቅ፣ የሚጨነቅ፣ የሚቀልድ ወጣት ነው። ልጆቼ ሁለቱንም እንዲያነቡ እፈልጋለሁ። አንዱን ብቻ ያነበበ ተማሪ ንኮሊን አያውቀውም።

በጥቅምት 1990 ንኮሊና ጓደኞቹ በጆሃንስበርግ ጎዳና የመጀመሪያውን ሰልፍ ሲያደርጉ፣ አንዳንዱ ሰልፈኛ ፊቱን በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ነበር የወጣው። ዓይን የሚያህል ቀዳዳ ብቻ። እነዚህን ሰዎች አልረሳቸውም፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ለምመልሰው ጥያቄ መልሱ እነሱ ላይ ነው።

ጥያቄው የመጣው በውስጥ መስመር ነው፣ ከስድብ ይልቅ የከበደኝም እሱ ነው። አንድ ወዳጄ፣ ስሙን አልጠራም፣ «አንተ ታሪክ ይቀመጥ ትላለህ። የተቀመጠ ነገር ይያዛል። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ማስረጃ ይሆንብኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ይሄን ተረት የፈጠረው ሰው ምክንያት ነበረው። በቀይ ሽብር ዘመን እናቶች የልጆቻቸውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ የከተቱት ታሪክ ስለሚጠሉ አልነበረም፤ ልጅ ለማትረፍ ነው።

ስለዚህ ማንም ዛሬ ተነስቶ የስም ዝርዝር ያዘጋጅ አላልኩም። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከወረቀቱ በፊት እምነት ይቀድማል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ምንም አይታይም። ስም ይሸፈናል። አንዳንዱ ሳጥን ይታሸግና «ከዚህን ያህል ዓመት በኋላ» ወይም «ከሞትኩ በኋላ ይከፈት» ተብሎ ይጻፍበታል። ከረጢት ለብሶ የወጣውን ሰው ከረጢቱን ቀምቶ ታሪክ መጻፍ ወንጀል ነው። ከረጢት ለብሰው የወጡ ነበሩ ብሎ መጻፍ ግን ግዴታ ነው። ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው ነው ሳጥን የሚያዘው።

አደጋውን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቁት አሉ። ማግኑስ ሂርሽፌልድ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1919 በርሊን ላይ የጾታ ጥናት ተቋም ከፈተ፣ ትልቅ ቤተ መጻሕፍትና የሰነድ ክምችት ነበረው። ግንቦት 6 ቀን 1933 የናዚ ተማሪዎች ሰብረው ገቡ፣ ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠሉ። ተማሪዎች ናቸው ያቃጠሉት፤ ይሄን እንደ አስተማሪ ሳነበው ያመኛል። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ያልነበረን ነገር ማንም አያቃጥልም። እሳቱ ራሱ ምስክር ነው።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ገንዘብ ያለበት የተቋም ሥራ ነው» ለምትሉኝም እንዲሁ። ኒው ዮርክ የሚገኘው የሌዝቢያን ሴቶች ቤተ መዛግብት በ1974 ሲጀመር መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የኪውፒም ክምችት የአንዲት ፀጉር ሠሪ የግል ፎቶ ነው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ እናንተ በምትኖሩባት ከተማ ከ2000 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የከተማዋን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ታሪክ እየሰበሰቡ ነው፤ የሽማግሌ ቃል እየቀዱ፣ የተዘጉ ቤቶችን አድራሻ እየመዘገቡ። እኛ ለዚህ ነገር ባዕድ ነን እንዴ? የእድር መዝገብ ምንድን ነው? ማን ሞተ፣ ማን ምን ያህል አዋጣ፣ ማን ድንኳን ተከለ። ቤተ መንግሥት ያላስታወሰውን ሰው ስም የያዘ ደብተር ነው። የማኅበረሰብ ቤተ መዛግብት ማለት ሌላው እድር ላላስገባቸው ሰዎች የተከፈተ እድር ማለት ነው። ቀባሪ ላጡ ቀባሪ።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ደግሞ ይሄን ክርክር በዓይኑ አይቶታል። ሙዚየሙ በ2010 ነው የተከፈተው። ደርግ የራሱን ፋይል አስቀምጦ ነበር፣ በኋላ ባለሥልጣናቱ የተከሰሱት በዚያው ፋይል ነው። ግን ግድግዳው ላይ የሚያስቆማችሁ ምኑ ነው? የማስገደያ ደብዳቤው ነው ወይስ ፈገግ ያለችው ልጅ ፎቶ? ደብዳቤው እንዴት እንደሞተች ይነግራችኋል። ፎቶው እንደኖረች ይነግራችኋል።

ወደ ቤታችን ላምጣው። አንድ የማውቀው ሰው ነበር። ስሙንም፣ ከተማውንም፣ ሥራውንም አልናገርም። ሳያገባ ኖረ፣ ሞተ፣ በክብር ተቀበረ። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ እህቱ ከአልጋው ሥር የነበረችውን ሻንጣ ሳትከፍት ጓሮ አውጥታ አቃጠለቻት። በኋላ ስንገናኝ ራሷ ነገረችኝ። «ስሙን ላድንለት ብዬ ነው» አለች። አልፈርድባትም፤ ወንድሟን ትወደው ነበር። ግን ምን ነበር ሻንጣው ውስጥ? ምናልባት የእናቱ ደብዳቤ፣ ምናልባት የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ ምናልባት የአንድ ሰው ፎቶ። ሰውዬው ማንን ይወድ እንደነበር አላውቅም። እሷም አታውቅም። ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። ወሬው ግን ሰፈር ውስጥ አለ። አያችሁ? ወረቀቱ ተቃጠለ፣ ሐሜቱ ቀረ። ስሙ አልዳነም፤ መልስ የሚሰጥለት ብቻ ነው የጠፋው።

እና ነገ አንድ ወጣት ተነስቶ «እዚህ አገር እንደ እኔ ያለ ሰው ነበረ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንለዋለን? «አልነበረም» ነው የምንለው? ሻንጣውን እኛው አቃጥለን?

ሕጉን ታውቃለህ ወይ ለምትሉኝ፣ አውቃለሁ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። የኬፕ ታውንን ታሪክ ማወቅን የሚከለክል ቃል የለበትም። እምነትህስ ለምትሉኝ፣ ይሄ ጽሑፍ ማንንም እምነትህን ቀይር አላለም። በሐሰት መመስከርን የሚፈቅድ ሃይማኖት ግን አላውቅም። ሳያጣሩ «አልነበሩም» ማለት ደግሞ ምስክርነት ነው፤ ያውም ራሳቸው መጥተው ሊከራከሩ በማይችሉ ሰዎች ላይ።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። ፈተና ላይ ዜሮ ያስገኛል፣ በታሪክ ላይ ግን ከ«አልነበረም» ይሻላል። ሁለተኛ፣ ቤታችሁ ያለውን የድሮ ፎቶ ገልብጡና ከጀርባው በእርሳስ ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉበት። የማንም ይሁን፤ የአክስታችሁ፣ የጎረቤት፣ ስሙ በቤታችሁ የማይነሳው የአጎታችሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲሉን የኖሩት ለእስክርቢቶ ሽያጭ ብለው አይደለም። ሦስተኛ፣ ሰው ሲሞትባችሁ ሻንጣውን አታቃጥሉ። ማየት ካልፈለጋችሁ አትዩት። አስራችሁ፣ አሽጋችሁ፣ ለምታምኑት ሰው ስጡት። የምታቃጥሉት የእናንተን ወረቀት ብቻ አይደለም።

ፎቶውን አላነሳውም፣ እዚያው ገጹ ላይ ይቆያል። ክርክር ያለው ሰው ይምጣ፣ እንከራከር፤ ማስረጃ ይዞ የመጣ ደግሞ ቡና በእኔ ነው። ለመሳደብ የመጣውን ብሎክ አላደርገውም። የሰፈሬ ሰው ነው፣ እሱም አንድ ቀን የአልጋው ሥር ሻንጣ ይኖረዋል።